ገጣባ

ከጎሮ ወደ ቦሌ ለሚ በሚወስደው መንገድ ጠዋት ጠዋት የፋብሪካ ሰርቪስና የአህያ መንጋ ይጋፋሉ። ሴቶቹ ልብስና ጫማ ሊሰፉ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ይገባሉ፤ አህዮቹ ከአጥሩ ውጭ አሸዋ፣ ብሎኬትና እህል ተሸክመው ያልፋሉ። ሰኞ ዕለት የአንዷ ጭነት ሲወርድ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ከጭነቱ ሥር የተነጠፈው ማዳበሪያ ከቁስሏ ጋር ተጣብቆ ኖሮ፣ ሲነሳ ቅርፊቱን ይዞት ተነሳ። ልክ አከርካሪዋ ላይ መዳፍ የሚያህል ቀይ ሥጋ ታየ። ዝንቡ ወዲያው ሰፈረበት። እሷ አልተራገጠችም፤ ጆሮዋን ብቻ ወደ ኋላ ጣል አደረገች።

"ገጣባ ነው ጋሼ፣ ይድናል" አለኝ ነጂው። ገና ልጅ ነው። መቼ እንደሚያሳርፋት ብጠይቀው ዝም አለ። እሷ ያረፈች ቀን እሱም ጦሙን ያድራል።

አህያ ሕመሟን ትደብቃለች። አውሬ ድካሟን እንዳያውቅባት ከጥንት የያዘችው ጠባይ ነው። እኛ ግን ዝምታዋን እንደ ጥንካሬ ቆጥረን ሌላ ኩንታል እንጨምርባታለን።

ለአህያ የተቆጣንበት ጊዜ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ በቻይና ባለሀብቶች የተከፈተው የአህያ ቄራ ሥራ በጀመረ በሳምንታት ውስጥ ነዋሪው ስለተቃወመው ተዘጋ። የተፈለገው ቆዳው ነው፤ ተቀቅሎ ኤጂያኦ የሚባል የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ይሠራበታል። ለዚሁ ሲባል በዓለም ላይ በየዓመቱ ሚሊዮኖች ይታረዳሉ። አህያ ደግሞ አንድ ውርንጭላ ለመውለድ አንድ ዓመት ያህል ታረግዛለችና በዚያ ፍጥነት የታረደውን መተካት አይቻልም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው አህያ ለቆዳው እንዳይታረድ ለ15 ዓመት አገዱ።

በሁለቱም ውሳኔ ተደስቻለሁ። ነገር ግን ቢሾፍቱ ላይ ያስቆጣን በአብዛኛው የአህያ ሥጋን መጸየፋችን ነበር። በቁሟ የምትቆስለው ግን ማንንም አላስቆጣችም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ አህዮች ባሉባት አገር፣ ያረጀችው አህያ ሜዳ ላይ ለጅብ ስትተው ማን ይጠይቃል?

መድኃኒቱ ውድ ቢሆን ባልተናደድሁ። የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩት ገለባ የተሞሉ ሁለት ከረጢቶችን ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ማድረግን ነው፤ መሐሉ ክፍት ከሆነ ጭነቱ አጥንቱን አይነካም። ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ቢሾፍቱን ማዕከል አድርጎ ለብዙ ዓመታት አህዮችን ሲያክምና ባለቤቶችን ሲያስተምር ኖሯል። ትምህርቱ ግን ቦሌ ለሚ አጥር ሥር ላለው ልጅ አልደረሰውም። የአህያ ጭነት ፈልጎ የሚከፍለው ኮንትራክተርም፣ ባለ ወፍጮውም፣ እኛ ቤት የምንሠራውም ጀርባዋን ገልጠን አናይም።

ስለ ገለባው ለልጁ ነገርኩት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ከዚያ ማዳበሪያውን አንስቶ ገለበጠውና ደረቁን ጎን ወደ ቁስሉ አድርጎ ብሎኬቱን ጫነባት።