እርጥብ ሣር ከየት እንደታጨደ በአረሙ ማወቅ

ከመተማ ዮሐንስ በጋላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ ከብት የሚነዳ ነጋዴ በመንገዱ ላይ ሣር መግዛቱ አይቀርም። በበጋ ለምለም ሣር ከተገኘ ደግሞ ዋጋ ሲጨመርበት ማንም አያማርርም። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ጥቁሩ የገዳሪፍ አፈር እግር እስኪያስገባ በተሰነጠቀበት ወር ይህ ሣር ከየት መጣ? መስኖ ከሌለ በቀር መልሱ አንድ ነው፤ ውሃው ከማይደርቅ ቦታ፣ ከአትባራ (በእኛ በኩል ጓንግ ከምንለው)፣ ከሰቲት ወይም ከረሃድ ዳርቻ።

እንዲህ ያለው ቦታ የጉበት ትል ሰፈር ነው። ገዳሪፍ ከባህር ወለል 600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ እዚህ የሚያሰጋው የቆላው ዓይነት፣ ፋሲዮላ ጂጋንቲካ ነው። ትሉ የሚራባው ራዲክስ ናታለንሲስ በተባለች ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣዋ ረጅም ድርቅ አትችልም፤ ቀስ ብሎ የሚፈስ ወይም የቆመ፣ አረም የበዛበት ውሃ ትወዳለች። ከእሷ የወጣው እጭ ውሃ ዳር ባለ ሣር ላይ ተጣብቆ በሬው እስኪውጠው ይጠብቃል። በዓይን ለማየት እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሣሩን አገላብጦ መፈለግ አያዋጣም። የሚታየው ከሣሩ ጋር አብሮ የታጨደው አረም ነው።

ነጋዴው መቅመቆን ወይም እምቧጮን የሚያውቅ ከሆነ ግማሹን መንገድ ሄዷል። የእነዚህ ዘመዶች በሙሉ አንድ የቤተሰብ ምልክት አላቸው፤ ቅጠሉ ከግንዱ በሚወጣበት አንጓ ላይ ስስ ሽፋን ግንዱን እንደ እጅጌ ያቅፈዋል። ቅጠሉ ቢጠወልግ፣ አበባው ቢረግፍ እንኳ ይህ እጅጌ በታሰረው ሣር ውስጥ ይገኛል። ቤተሰቡን ከለዩ በኋላ ግን የትኛው ዘመድ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ ሁሉም የውሃ ዳር ተክል አይደለምና።

ፐርሲካሪያ ሴኔጋሌንሲስ ግዙፉ ነው። ግንዱ ወፍራም ሲሆን ከሰው ቁመት ሊያልፍ ይችላል፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ አንዳንዴም ከሥሩ ነጭ ጥጥ የለበሰ የሚመስል ነው። የእጅጌው አፍ ፀጉር የለውም። ፐርሲካሪያ ዴሲፒየንስ ቀጭን ነው፤ ቅጠሉ ጠባብና ሹል፣ አበባው ሮዝ ቀለም ያለው ቀጭን ዘለላ፣ የእጅጌው አፍ ደግሞ በቀጫጭን ፀጉር የተከበበ ነው። የእጅጌው አፍ እንደ አንገትጌ ወደ ውጭ የተዘረጋ አረንጓዴ ጠርዝ ካለው ፐርሲካሪያ ሊምባታ ነው። ሦስቱም እግራቸውን ከእርጥበት የማያወጡ ናቸው። ከእነሱ አንዱ በሣሩ ውስጥ ከተገኘ ሻጩ «ከማሳ ያጨድኩት ነው» ቢል ግንዱ ሌላ እየመሰከረ ነው።

ስህተት የሚመጣው ከኦክሲጎነም ሲኑዋተም ጋር ነው። እሱም የእጅጌ አፉ ፀጉር አለው፤ የሚበቅለው ግን በእርሻና በመንገድ ዳር፣ በደረቅ መሬት ነው። ቅጠሉ ጎድጎድ ያለ ጠርዝ አለው፣ ፍሬው እሾሃማ ነው። ባዶ እግሩን የሄደ እረኛ ሳይነገረው ያውቀዋል። እሱን አይቶ ጥሩ ሣር መመለስ ገንዘብ ማባከን ነው።

ፖሊጎነም ፕሌቤየም ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። መሬት ላይ ተነጥፎ ይበቅላል፤ ቅጠሉ ደቃቅ፣ እጅጌው የብር መልክ ያለውና የተተለተለ፣ አበባው በዘለላ ሳይሆን በየቅጠሉ ብብት ነው። ውሃው በሸሸበት ጭቃ ላይ ይወጣል፤ በ1964 እ.ኤ.አ. እንደተጠናቀቀው እንደ ኻሽም ኤል ጊርባ ባለ ግድብ ዳር የሐይቁ ውሃ ሲቀንስ የሚጋለጠው ዓይነት መሬት ይመቸዋል። መሬቱ ደርቆ ከተሰነጠቀ ፀሐይ ብዙውን እጭ ገድሎታል። ገና እርጥብ ከሆነ ግን ውሃው ትቶት የሄደው ሣር ከሁሉም የባሰ አደገኛ ነው። ስለዚህ ይህን ተክል ያየ ሰው ከተክሉ በፊት መሬቱን ይርገጥ።

ኪሳራው ወዲያው አይታይም። የተዋጠው እጭ አድጎ እንቁላል እስኪጥል 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በሳምንት ውስጥ የሚሸጥ ነጋዴ ትሉን ለገዢው ያስረክባል፤ ለሦስት ወር በሰሊጥ ፋጉሎ የሚያደልብ ግን ፋጉሎውን ለትሉ ያበላል፣ ጉበቱም በቄራ ይወገድበታል። ገበያ ላይ እንደተገዛ አልቤንዳዞል መስጠት የተለመደ ነው። መድኃኒቱ የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ስለሆነ በመንገድ ላይ ለተዋጠው አይረዳም። ለለጋው የሚሠራው ትሪክላቤንዳዞል ነው፤ ከመታረዱ በፊት የሚጠበቀው ቀን ረጅም በመሆኑ መሸጫውን ቀን ከሐኪም ጋር አስልቶ መስጠት ይገባል።

አማራጭ ከሌለና ሣሩ የግድ ከተገዛ፣ በስሱ ተበትኖ በፀሐይ እስኪንኮሻኮሽ ይድረቅ። ክብደቱ ይቀንሳል፤ ሻጩም ገዢውም የሚከራከሩት በዚሁ ነው። ዋጋውን በደረቁ መዋዋል ይቻላል።