የስንብት ደብዳቤ ሲደርስህ

አንባቢ ሆይ፤ በወላይታ ሶዶ ከተማ በአንድ የግል ድርጅት በጸሐፊነት ተቀጥረሃል እንበል። አንድ ሰኞ ጧት፣ የዳሞታ ተራራ ገና ከጉሙ ሳይወጣ፣ ከቢሮህ በር ስትደርስ ዘበኛው አንድ ፖስታ ይሰጥሃል። ወረቀቱ «ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተሃል» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ምን ታደርጋለህ? ብዙው ሰው አማላጅ ፍለጋ ይሮጣል። ሽማግሌ መላክ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ሽማግሌው ሲመላለስ ቀኑም አብሮ ይሄዳል።

አባቶቻችን «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይሉ ነበር። የስንብት ክርክርም ነገሩ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ምክንያቱን ጠይቅ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ አሠሪ ሠራተኛውን የሚያሰናብተው ከሠራተኛው ጠባይ፣ ከችሎታው ወይም ከድርጅቱ የሥራ ሁኔታ የተነሣ በቂ ምክንያት ሲኖረው ብቻ ነው ይላል። የሠራተኛ ማኅበር አባልነት፣ በአሠሪው ላይ አቤት ማለት፣ ሃይማኖት፣ የትውልድ ሐረግ ምክንያት አይሆኑም፤ እኅቴ ሆይ፣ እርግዝናም አይሆንም።

ቀጥሎ መንገዱን ተመልከት። ምናልባት በእርግጥ አርፍደህ ይሆናል፤ ይህን አልክድልህም። ሆኖም በማርፈድ ወዲያውኑ ለመባረር በጽሑፍ እየተነገረህ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድ አለብህ። አሠሪውም ጥፋቱን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀናት ዝም ካለ የማሰናበት መብቱ ይቀርበታል፤ ጥፋትን በመሳቢያ አኑሮ ጠብ በተነሣ ቀን መምዘዝ አይፈቀድለትም። ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መግለጽም ግዴታው ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ ግን ይህ አዋጅ አይመለከትህም። ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለችና በከተማይቱ እንዲህ ያለው ሠራተኛ ጥቂት አይደለም። የእርሱ መንገድ ሌላ ነው፤ የዲሲፕሊን ክሱ በጽሑፍ ሊደርሰው፣ መልሱንና ምስክሩን ሊያሰማ ይገባል፤ ይግባኙም ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ይህ ደጅ ተዘግቶ ያየንበትም ጊዜ አለ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሠራተኞች አስተዳደር ደንብ ቁጥር 155፣ በአንቀጽ 37፣ ዋና ዳይሬክተሩ በሙስና የጠረጠረውንና እምነት ያጣበትን ሠራተኛ ያለ መደበኛው የዲሲፕሊን ሥርዓት እንዲያሰናብት ፈቀደ፤ የተሰናበተውም በማናቸውም የፍርድ አካል ውሳኔ ወደ ሥራው አይመለስም አለ። ደግሞ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 37 ግለጥ፤ ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት አለው ይላል። ቁጥራቸው አንድ መሆኑ ያስገርማል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158ም፣ ሠራተኛ በጠባዩ ከመሰናበቱ አስቀድሞ መከላከያውን ያሰማ ዘንድ ያዛል። ሌባ የለም ማለቴ አይደለም፤ ጥርጣሬ ብቻውን ግን ሌባውንና ንጹሑን አይለይም።

ወደዚያ ሰኞ ጧት ፖስታ እንመለስ። ወደ ሥራዬ ልመለስ የምትል ከሆነ ከተሰናበትህበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ለሥራ ክርክር ችሎት ክስህን አቅርብ፤ ካለፈ ጥያቄህ በይርጋ ይቀራል። ስንብቱ ሕገ ወጥ ሆኖ ወደ ሥራ ካልተመለስህ፣ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠርህ እንደ ሆነ የ180 ቀን አማካይ ደመወዝ ካሣ አለህ። በውሳኔው ቅር ብትሰኝ ይግባኙ በ30 ቀን ነው። አሁን የቅጥር ውልህን ፈልግ፤ በፖስታውም ጀርባ የተቀበልህበትን ቀን ጻፍበት።