መንጠቆው ባዶውን የሚመለሰው ለምንድን ነው?

በአገራችን ስለ ዓሣ ማጥመድ ሲነሣ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ጣናና በደንገል ታንኳ ላይ የተቀመጠው አጥማጅ ነው። ይሁን እንጂ በቁይ ወይም በደብረ ማርቆስ የሚማር ወጣት ለመዝናናትና ተፈጥሮን ለመመልከት ማጥመድ ቢፈልግ የግድ እስከ ባሕር ዳር መጓዝ አይጠበቅበትም። ከጮቄ ተራራ የሚነሡት ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ በዓባይ ተፋሰስ ወንዞችም አምባዛ፣ በሶ እንዲሁም በጣና አካባቢ ነጭ ዓሣ የሚባለው የባርበስ ዝርያ ይገኛሉ። ቀዝቃዛውና ጠባቡ የደጋ ምንጭ ብዙ ዓሣ አይዝም፤ ቁልቁል ሲወረድና ውኃው ሲሰፋ ግን የዓሣው ዓይነትም መጠንም ይጨምራል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው። ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ፣ የናይለን ክር፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ለተንሳፋፊነት የጠርሙስ ቡሽ፣ ክሩን ወደ ታች የሚስብ ቁራጭ እርሳስ፣ ለማባበያ ደግሞ የምድር ትል ወይም ሊጥ ይበቃል። ጀማሪው ይህን ሁሉ አሟልቶ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ባዶ እጁን ሲመለስ ዕድሉን ያማርራል። በእኛ ግምት ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዕድል ሳይሆን የፊዚክስ ነው።

በመጀመሪያ ዓሣው እኛን እንዴት እንደሚያየን እንመልከት። ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ ስለሚሰበር፣ ከውኃው በላይ ያለው ዓለም ሁሉ ለዓሣው የሚታየው 97 ዲግሪ ያህል ስፋት ባለው ሾጣጣ ውስጥ ተጨምቆ ነው። በ1 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ዓሣ ሰማዩንና ዳርቻውን የሚያየው ከራሱ በላይ ባለች 2.3 ሜትር ገደማ ስፋት ባላት ክብ መስኮት በኩል ይሆናል። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው በዚህች መስኮት ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ዝቅ ብሎ፣ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ግን በመስኮቷ ጠርዝ ላይ ተጣቦና ደብዝዞ ይቀራል፤ በዚያ አቅጣጫ የሚመጣው ብርሃን አብዛኛው ከውኃው ገጽ ላይ ተንጸባርቆ ይመለሳልና። እኛም በበኩላችን እንታለላለን። ከላይ ወደ ታች ስናይ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ 75 ሴንቲ ሜትር መስሎ ስለሚታየን፣ ቡሹን ከመንጠቆው ጋር በጣም አቀራርበን እናስራለን፤ ማባበያውም ከዓሣው በላይ ተንጠልጥሎ ይውላል።

«ዝም በሉ፣ ዓሣው ይሸሻል» የሚለው የተለመደ ተግሣጽስ? ይህ ግማሽ እውነት ነው። በአየር ውስጥ የሚጓዝ ድምፅ ውኃው ገጽ ላይ ሲደርስ ከኢነርጂው ወደ ውስጥ የሚያልፈው ከሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የለሆሳስ ወግ ብዙም አይጎዳም። የእግር ኮቴ ግን በአፈሩ በኩል በቀጥታ ወደ ውኃው ይደርሳል፤ ዓሣም ከጎኑ በተዘረጋው የስሜት መስመር እንቅስቃሴውን ያውቃል። ማውራት ይቻላል፤ መሯሯጥ አይቻልም።

ዓሣው ከተያዘ በኋላ የዘንጉ ጥቅም ይገለጣል። 1 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዓሣ በሰከንድ 2 ሜትር ቢሸሽ የእንቅስቃሴ ኢነርጂው 2 ጁል ነው። ክሩን በእጃችን ጨብጠን በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ልናቆመው ብንሞክር በአማካይ 100 ኒውተን ኃይል በክሩ ላይ ያርፋል፤ ቀጭን ክር ይበጠሳል። ቀርከሃው ጎብጦ በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢያቆመው ግን ኃይሉ ወደ 4 ኒውተን ይወርዳል። ሌላም አለ። ዓሣው ውኃ ውስጥ ሳለ ክብደቱን ውኃው ይሸከምለታል፤ ወደ አየር ሲነሣ ግን መላው 10 ኒውተን ክሩ ላይ ይወድቃል። ጀማሪዎች «አመለጠኝ» የሚሉት ብዙውን ጊዜ በዚህች ቅጽበት ነው። ማንሣት ሳይሆን ወደ ዳር እያንሸራተቱ ማውጣት ይሻላል።

የት መቀመጥ ይገባል? በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በባሕር ወለል ከፍታ፣ 1 ሊትር ውኃ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በ2500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ስለሚቀንስ ኦክስጅኑም ወደ 7 ሚሊ ግራም ዝቅ ይላል። ስለዚህ በሞቃት ቀን ውኃው ከድንጋይ ላይ እየተንኮታኮተ አየር የሚቀላቅልበት ቦታ፣ በተለይም ከፏፏቴ ሥር ያለው ገንዳ ተመራጭ ነው።

ስለ መንጠቆ እየጻፍን ስለ ብርብራ ዝም ማለት አይቻለንም። የዚህ ዛፍ ፍሬ ደርቆና ተፈጭቶ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ ብልሃቱም ከአያት ቅድመ አያት የተወረሰ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮተኖን የተባለ ንጥረ ነገር በስንጥቡ በኩል ገብቶ ሕዋሳት ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙ ያደርጋል። ዓሣው የሚታፈነው ኦክስጅን በሞላበት ውኃ መካከል ነው ማለት ነው። መንጠቆ አንድ ዓሣ ሲይዝ፣ ብርብራ ግን ትልቁን፣ ጫጩቱንና ዓሣው የሚመገባቸውን የውኃ ነፍሳት ሳይለይ ያጠፋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ወንዙ ተቆራርጦ ጥቂት ገንዳዎች ብቻ ሲቀሩ፣ ለከርሞ የሚራባው ዓሣ ሁሉ የተጠለለው በእነዚያ ገንዳዎች ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ የተበተነ አንድ ቁና ዱቄት የወንዙን አንድ ክፍል ለዓመታት ባዶ ሊያስቀር ይችላል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ሆኖም በየገደሉ ሥር የሚቆም ዘብ እንደማይኖር ሁላችንም እናውቃለን።

ጊዜን በተመለከተ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም መንጠቆውን መስቀል ይበጃል። በእነዚህ ወራት ከጣና ባርበሶች ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ ከዚህም በላይ የክረምት ደራሽ ጎርፍ ሰው ይወስዳል። ከጥቅምት በኋላ ደለሉ ሲረጋና ውኃው ሲጠራ መጀመር ይቻላል። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ግን አዞ መኖሩን አይርሳ፤ በቆላው ዝግ ያለ ውኃ ውስጥም የቢልሃርዚያ ተውሳክ ሊኖር ስለሚችል እግርን ሳይነክሩ ከዳር ሆኖ ማጥመድ ይገባል። የተያዘው ዓሣ ትንሽ ከሆነ እጅን በውኃ አርሶ፣ መንጠቆውን በቀስታ ነቅሎ፣ ስንጥቡ እስኪከፈትና እስኪዘጋ ድረስ ውኃው ውስጥ ደግፎ መያዝ ነው። ሲበረታ ራሱ ይሄዳል።