መጋዙ ድንገት ቢቆም

ለመማሪያ ቤታችን አግዳሚ ወንበር አስፈለገን። የማኅበሩ ገበሬዎች ባሕር ዛፍ ቆርጠው፣ ሳንቃ ሰንጥቀው ሰጡን። ጠርዙን ለማስተካከል ጭነን ከደጋው ወደ ድሬዳዋ ወረድን።

ድሬዳዋን ያቆማት ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ደረሰ። የባቡሩ መጠገኛም እዚያው ስለ ተሠራ ከተማዋ የብረትና የእንጨት ሙያተኛ አላጣችም።

የሄድንበት ቤት የጠረጴዛ መጋዝ አለው። በብረት ጠረጴዛ መካከል ክብ መጋዝ ብቅ ብሎ ይሽከረከራል፤ እንጨቱን ወደ እርሱ መግፋት ነው።

ሁለተኛው ሳንቃ ግማሽ ላይ ሲደርስ መጋዙ ቀጥ አለ። ሞተሩ ግን ይጮኻል። የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። ከእኛ አንዱ ሳንቃውን ለመሳብ እጁን ሰደደ። አናጢው፣ «አቦ ተው! እጅህን!» ብሎ ጮኸበት።

ማጥፊያውን ተጫነ። ይህ አልበቃውም። ሄዶ ቫልቮላውን ነቀለና ኪሱ ከተተው። «ሳላይ አንዱ መጥቶ ቢያበራውስ? ቫልቮላው እኔ ጋ ካለ ማንም አያስነሣውም» አለን። እኔ ከሁሉ ይህን ወደድሁለት። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መጋዝ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር የጥርሱ ጫፍ በአንድ ሴኮንድ 47 ሜትር ይሄዳል። ተይዞ የነበረው ድንገት ሲለቀቅ ጣት ይቆርጣል፤ ወይም ሳንቃውን ሰው ላይ ይወረውራል።

ከዚያ ክዳኑን ከፈተ። ቺንጋው ላልቷል። ቺንጋ የሚባለው የሞተሩን ጉልበት ለመጋዙ የሚያደርስ የጎማ ቀበቶ ነው። ሞተሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ቡሎኑን አጠበቀው። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ መርገብ አለበት እንጂ እንደ ክራር ጅማት አይወጠርም፤ ሲበዛ ኩሽኔታው ይግላል። (ሞተሩ ራሱ እያጉረመረመ አልዞር ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቶሎ ይጥፋ፤ የውስጥ ሽቦው ይቃጠላል። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጠራ።)

ሥራ ጀመርን። ሦስተኛው ሳንቃ ላይ እንደገና ቆመ!

አሁን አናጢው ማሽኑን ትቶ እንጨታችንን መረመረ። መጋዙ የቀደደው መንገድ ከኋላ ገጥሞ መጋዙን ነክሶታል።

«መቼ ነው የቆረጣችሁት?»

«ባለፈው ሳምንት።»

ሳቀብን። እርጥብ ባሕር ዛፍ በውስጡ የታፈነ ጉልበት አለ፤ ሲቀደድ ይጠማዘዛል። መጋዙ ሲያዝ ነው እንግዲህ የላላው ቺንጋ የሚንሸራተተው። ጥፋቱ ግን የእኛ ብቻ አልነበረም። ከመጋዙ ጀርባ ቆሞ ቅዱን የሚከፍት ስስ ብረት አለ። ያ ብረት ተፈትቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። «ያስቸግረኛል ብዬ ነው» አለ አናጢው እያፈረ። መልሶ ገጠመው።

የተያዘውን ሳንቃ ለማውጣት ማሽኑ እንደ ጠፋ በቅዱ ውስጥ ሽብልቅ አገባ። ከዚያ በኋላ መግፋቱን በእጁ ሳይሆን በዱላ አደረገው።

አራት ሳንቃ ብቻ አስቆርጠን ተመለስን። የቀረውን ጥላ ሥር ደረደርነው፤ ነፋስ እንዲገባው በየመካከሉ እንጨት አስገባን። ለወራት ይደርቃል። እስከዚያው ከተማሪዎቹ ግማሾቹ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።