ርካሽ ቤት ሲገኝ፦ ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዘመሮም ሆነ በመሐል ሜዳ ከተማ አንድ ቤት ከአካባቢው ዋጋ በታች ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ብዙ ጊዜ ሻጩ ተቸግሯል ማለት ነው። የባንክ ዕዳ ገፍቶታል፣ ትዳሩ ፈርሷል፣ ውርሱ አልተከፋፈለም፣ ወይም ግንባታው ከግማሽ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ቤት መግዛት ሕጉ አይከለክልም። ችግሩ ግን ከቤቱ ጋር ወደ ገዢው ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ያለበት «ከሻጩ ሌላ በዚህ ቤት ላይ መብት ያለው ማን ነው?» የሚለው ነው።

መሬቱ የማን ነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የሚሸጠው በላዩ ያረፈው ቤት ነው። ከከተማ ወሰን ውጭ በገበሬ ይዞታ ላይ በስውር የተሠራ «የጨረቃ ቤት» የገዛ ሰው የሚተላለፍለት ካርታ የለም፤ የገጠር መሬት ደብተርም የመጠቀም መብት ማስረጃ እንጂ መሸጫ አይደለም። የቀበሌ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ተከራዩ የራሱ ያልሆነውን ሊሸጥ አይችልም። የሊዝ ቦታ ከሆነ ደግሞ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ መኖሩንና ግንባታው የደረሰበት ደረጃ ስም ለማዛወር ይበቃ እንደሆነ ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቁ።

ቤቱን በመያዣነት የያዘ አለ?

የተመዘገበ መያዣ ባለቤት ቢቀየርም ቤቱን ይከተላል፤ ሻጩ ካልከፈለ አበዳሪው ቤቱ ላይ ሊመጣ ይችላል። በ1990 የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ተበዳሪው በውል ከተስማማ ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በጨረታ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። በጨረታ ለምትገዙ፣ የባንኮች ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የመነሻውን ዋጋ ሩብ በሲፒኦ (በባንክ የክፍያ ማዘዣ) እንድታስይዙ፣ ስታሸንፉ ደግሞ ቀሪውን በ15 ቀን እንድትከፍሉ ይጠይቃል፤ ውዝፍ ግብርና የስም ማዛወሪያ ወጪም ገዢው ላይ ይወድቃል። ጨረታ ማሸነፍና ቁልፍ መረከብ ሁለት ነገር መሆናቸውንም አትርሱ። ቤቱ ውስጥ ሰው ካለ በምን መብት እንደተቀመጠ እወቁ። በኪራይ ነው ወይስ በወለድ አገድ? ወለድ አገድ ያዥ፣ ማለትም አበድሮ በወለዱ ፈንታ ቤቱን የሚጠቀም ሰው፣ ገንዘቡ ሳይመለስለት በቀላሉ አይለቅም።

ቤተሰቡ ተስማምቷል?

በትዳር የተፈራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት ከተሸጠ፣ ያልፈረመው ወገን ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። የውርስ ቤት ከሆነ፣ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለው ወንድም ወይም እኅት ጭምር ወራሽ ነው። በውክልና የሚሸጥ ሰው ከመጣ ደግሞ ውክልናው ቤት መሸጥን በግልጽ ይጠቅስ እንደሆነ፣ ወካዩም በሕይወት መኖሩን አረጋግጡ። ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል።

ውሉስ?

ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ለመተማመን ጥሩ ነው፤ ለሕግ ግን አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል፤ በአንቀጽ 1185 መሠረት ደግሞ ባለቤትነት የሚተላለፈው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ላይ ሲመዘገብ ነው። ግብር ለመቀነስ ተብሎ ከተከፈለው ያነሰ ዋጋ መጻፍም ወጥመድ ነው። ውሉ ቢፈርስ፣ ከተጻፈው በላይ መክፈላችሁን ማስረዳት ይከብዳል።

በመጨረሻም አከፋፈሉን ከማጣራቱና ከስም ዝውውሩ ጋር አያይዙት። ከመያዣና ከእግድ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ከማዘጋጃ ቤት፣ በክርክር ላይ አለመሆኑን ደግሞ ከፍርድ ቤት አጣሩ። ዕዳ ካለበት ከዋጋው የባንኩን ድርሻ ራሳችሁ ለባንኩ ክፈሉና የመያዣ ስረዛ ደብዳቤ ተቀበሉ። ቀሪው ገንዘብ ስሙ ሲዞር ይከፈል። ሻጩ ይህን እምቢ ካለና «ዛሬውኑ ካልከፈላችሁ» እያለ ከቸኮለ፣ ቤቱ የረከሰበት ምክንያት ገና አልተነገራችሁም።