ያውቁ ኖሯል? ኮሶ በአውሮፓ ፋርማሲ

አያቶቻችን የኮሶ ትልን ከሆዳቸው ለማስወጣት ፊታቸውን አጨማደው ይጠጡት የነበረው ኮሶ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ፋርማሲዎች ይሸጥ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ1864 የታተመው የብሪታንያ ፋርማኮፒያ (የመድኃኒቶች መዝገብ) የኮሶን አበባ ከታወቁ መድኃኒቶች ተርታ አስፍሮታል።

ወሬውን ለአውሮፓ ሐኪሞች ካደረሱት አንዱ በቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረ ብራዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ተክሉም ለጊዜው በእርሱ ስም «ብራዬራ» ተብሎ ነበር፤ ዛሬ በሳይንስ «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» ይባላል።

ዛፉ ከጽጌረዳ ቤተሰብ ነው (ምሬቱን የቀመሰ ሰው ይህን ለማመን ይቸገራል)። የወንዴና የሴቴ አበቦቹ በተለያየ ዛፍ ላይ ያብባሉ፤ ለመድኃኒትነት በይበልጥ የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። ደርቆ ይፈጫል፣ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ትሉ የሚመጣው ከጥሬ ሥጋ በመሆኑ፣ ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር መድኃኒቱ ፈላጊ አላጣም፤ በየሁለት ወሩ የሚወስዱም ብዙ ነበሩ።

መጠኑ ሲበዛ ግን ኮሶ መርዝ ነው። ብርቱ ተቅማጥና ትውከት ያስከትላል፤ የዓይን ብርሃናቸው የተጎዳ ሕሙማንም በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ጽንስ ሊያስወርድ ስለሚችል እርጉዝ ሴት አትወስደውም። ዛሬ ለኮሶ ትል ሐኪም የሚያዝዘው ኒክሎሳማይድ ወይም ፕራዚኳንቴል የተባሉትን፣ መጠናቸው ተለክቶ የተሠሩ ክኒኖች ነው።