በጣሳ ውስጥ የደከመችው ሮማን

ዛፍ ሲባል በብዙዎቻችን ኅሊና የሚታየው፣ በጥላው ሥር ሽማግሌዎችን የሚያስቀምጥ ዋርካ ወይም በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የቆመ ጽድ ነው። ጃፓኖች ግን ዛፍን በጠባብ የሸክላ ዕቃ ተክለው፣ የጎልማሳ ዛፍ ግርማ እንደያዘ ከክንድ እምብዛም ሳይበልጥ እንዲኖር የማድረግን ጥበብ ከብዙ ምእተ ዓመታት ጀምሮ አዳብረዋል። የጥበቡ ምንጭ ቻይና ሲሆን፣ በጃፓንኛ «ቦንሳይ» ይባላል፤ በገበቴ የተተከለ እንደ ማለት ነው። ለዚህ የሚሆን ልዩ የድንክ ዘር አያስፈልግም፤ ሥሩና ቅርንጫፉ በየጊዜው ስለሚገረዝ ብቻ ዛፉ ባለበት መጠን ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1923 ከደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ቶኪዮን የለቀቁ የጥበቡ ባለሙያዎች፣ በ1925 ከከተማዋ በስተሰሜን በኦሚያ የቦንሳይ መንደር ቆርቁረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ ሲታረም የኖረ አንድ ነጭ ጽድ ደግሞ፣ በነሐሴ 1945 በሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ሳለ ተርፎ፣ በ1976 ለአሜሪካ ሕዝብ በስጦታ ተሰጥቷል።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ያነበብሁ ሰው በመሆኔ፣ በሠፈራችን የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት የሆኑ ወይዘሮ በቅርቡ አንዲት ሮማን አስይዘው ወደ ቢሮዬ መጡ። አሥር አለቃው ወደ ግዳጅ ከመሄዱ በፊት በዘይት ጣሳ ተክሎ፣ ግንዷን በጥቂቱ አጣምሞ፣ «አደራ» ብሎ የተወላቸው ናት። ወይዘሮዋ ለወሊድ ወደ ወላጆቻቸው ዘንድ ሄደው ሲመለሱ ግን ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ረግፎ፣ ግማሽ ቅርንጫፏ ደርቆ አገኟት። «መቶ አለቃ፣ የልጁ አባት ሲመጣ ምን እለዋለሁ?» አሉኝ።

ጥፋቴን ልናዘዝ። እጄ መጀመሪያ የሄደው ወደ መቀስ ነበር። ቅርጿን ለማስተካከል በችኮላ ሁለት ቅርንጫፎች ቆረጥሁ፤ የሁለተኛው ቁራጭ ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። ሕያው ነበር! ቅጠል የዛፍ ማዕድ ቤት ነው፤ ምግቡ በብርሃን አማካይነት የሚዘጋጀው እዚያ ነው። ስለሆነም የተዳከመን ዛፍ መግረዝ የተራበን ሰው እህል እንደ መንጠቅ ይቆጠራል። ማድረግ የነበረብኝ የቅርንጫፉን ልጥ በጥፍር በጥቂቱ መፋቅ ነበር፤ ሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ነፍስ አለው፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞቷል።

የበሽታው ምክንያት የተገኘው ከበታች ነው። ጣሳው ቀዳዳ አልነበረውም፤ አፈሩ ጭቃ ሆኖ ይሸታል። ሥር ከውኃ ሌላ አየርም ይፈልጋል። አየር ሲያጣ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል ዛፉ የተጠማ መስሎ ይጠወልጋል፤ ይህን ያየ ሰውም አዝኖ ውኃ ይጨምርበታል። የጎረቤት ልጆች ሮማኗን ሊገድሏት የተቃረቡት በስንፍና ሳይሆን በትጋት ነበር ማለት ነው።

ሥር መንካት የሚገባው የብርዱ ወራት ሲያልቅ፣ እንቡጥ ሊፈነዳ ሲል ነው፤ የበሰበሰ ሥር ግን ቀጠሮ አይሰጥም። በጣት ሲነካ ልጡ የሚንሸራተተውን ጥቁር ሥር በንጹሕ ምላጭ ቆርጠን፣ ጠንካራውን አስቀረን። ጣሳውን በሚስማር በስተሥሩ በሳን። አፈሩን ከሻካራ የወንዝ አሸዋና ከተሰባበረ ገል ጋር፣ ደቃቁን በወንፊት አውጥተን ደባለቅን። ከነፋስ በተከለለ ቀላል ጥላ ሁለት ሳምንት ካቆየናት በኋላ ወደ ፀሐይ አወጣናት፤ ሮማን ፀሐይ ወዳድ ናትና። ውኃ የምታገኘው ጣት በአፈሩ ውስጥ ሲገባ ድርቀት ሲሰማ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ከሥር እስኪፈስ ድረስ ይጠጣል። ፍግ ለጊዜው ክልክል ነው፤ የቆሰለን ሥር ያቃጥላል።

ቅርጽ ማውጣት ለከርሞ ይቆያል። ዘንድሮ የሚወጣው ቀንበጥ ሁሉ እንዳሻው ይደግ። ከርሞ ቅጠሏ ሲሳሳ፣ እርስ በርሱ የሚተላለፈው ቅርንጫፍ ይወገዳል፤ የቀረው በለስላሳ የመዳብ ሽቦ ይመራል። የሮማን አሮጌ እንጨት ተሰባሪ በመሆኑ የሚታጠፈው ለጋው ብቻ ነው፤ ሽቦውም ልጡን ሳይነክስ መፈታት አለበት። አበባ የሚወጣው በአዲስ ቀንበጥ ጫፍ ስለሆነ፣ ጫፍ ሁሉ ከተቆረጠ አበባ አይታይም።

ባለፈው እሑድ አምስት ቀላ ያሉ እንቡጦች ቆጠርን። እኔ በቆረጥሁበት በግራ በኩል ግን አንድም የለም። ወይዘሮዋ ለባለቤታቸው ደብዳቤ እየጻፉ ስለነበር፣ ያን ቅርንጫፍ ማን እንደቆረጠው አብረው እንዲጽፉለት ጠይቄያቸዋለሁ።